የለቀቅኩት ገመድ

አባቴ ለከባድ መኪና ሸራ ይሰፋል። በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ አቃቂ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ጡረታ እስኪወጣ ሠራ። ጡረታ ወጥቶም አርፎ መቀመጥ ስላልቻለ አቃቂ በሰቃ፣ ከዋናው መንገድ ዳር አንድ አሮጌ ኮንቴይነር ተከራይቶ፣ ወፍራም ነገር የሚበሳ የስፌት መኪና አስገብቶ ሸራ መስፋት ጀመረ። የጅቡቲ መንገድ ሹፌሮች ያውቁታል። ሸራቸው ሲቀደድ ወይ የገመድ ማስገቢያው ሲበላ ወደ እሱ ነው የሚያመጡት።

እኔ ብቸኛ ልጁ ነኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ቀኔን የማሳልፈው ቁስል በሚታጠብበትና በሚታሸግበት ክፍል ውስጥ ነው። ቆርቆሮ የቆረጠው፣ ግራይንደር እጁን የበላው፣ ከባጃጅ የወደቀው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ይህን የማነሳው ስለ ጉዳት የማላውቅ ሰው እንዳልነበርኩ እንዲታወቅ ነው። በኋላ ያጠፋሁትን ያጠፋሁት ባለማወቅ አይደለም።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ኮንቴይነሩ ጎራ ብል አባቴን መሬት ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ከፊቱ ነጭ፣ ስስ፣ ሲነካ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ጨርቅ ዘርግቷል። አጠገቡ በርጩማ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ሰው ተቀምጠዋል። አገራችን ባሕር ኃይል በነበራት ዘመን መርከበኛ ነበሩ። አሁን ቢሾፍቱ ይኖራሉ፤ ሐይቁ ላይ ከአንድ የውጭ አገር ሰው የገዟት ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ አለቻቸው። ሸራዋ ከጫፍ እስከ መሃል ተቀዶባቸው፣ ቢሾፍቱም አዲስ አበባም ያሉ ልብስ ሰፊዎች አንሞክረውም ብለው መልሰዋቸው፣ በመጨረሻ አንድ ሹፌር ወደ አባቴ መራቸው። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ "መርከበኛው" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ብያቸው ልቀጥል።

"ይሄ ሸራ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ሆድ አለው" አለኝ አባቴ ገና ሳልቀመጥ። "እይው እስቲ። ቁርጥራጮቹን ትንሽ ትንሽ እያጎበጡ ነው የገጣጠሟቸው።"

"ነፋሱ የሚያርፈው እዚያ ሆዱ ላይ ነው" አሉ መርከበኛው።

አባቴ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይሰፋ ዝም ብሎ ሲያየው ሰነበተ። ዕድሜውን ሙሉ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ሸራ ሲሰፋ ኖሮ፣ ነፋስ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ሸራ በእጁ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ሰፋው። መርከበኛው ሊወስዱት መጥተው ስፌቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱና፣ "እርስዎ ይህን ነፋስ ሲሞላው ካላዩ ሥራው አላለቀም" አሉት። ለእሑድ ተቀጣጠሩ። አባቴ ብቻውን እንዲሄድ ስላልፈለግሁ አብሬው ሄድኩ። ዕድሜው ሰባ አራት ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የልቡ ምት ተዛብቶ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ታዞለት በየቀኑ ይወስዳል። ኪኒኑን የማስውጠው እኔ ነኝ። ዋና አልችልም፤ እሱም አይችልም።

ከአቃቂ በሚኒባስ ተሳፍረን ቢሾፍቱ ስንደርስ ገና አራት ሰዓት አልሞላም። ሐይቁ ከገደሉ በታች ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ጀልባዋ ከጠበቅኳት በላይ ታንሳለች፤ አራት ሰው ቢቀመጥባት ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። መርከበኛው ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አለበሱንና ማሰሪያውን አንድ በአንድ ጎትተው አጠበቁ። ከዚያ ከሸራው ግርጌ የተጋደመውን ረጅም እንጨት በእጃቸው ያዙ።

"አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ" አሉ። "እንዲህ ያለ ጀልባ ላይ ሰው የሚጎዳው በውኃው አይደለም። በዚህ እንጨትና በገመዱ ነው። ጀልባዋ ስትዞር እንጨቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይሻገራል። ያኔ ጎንበስ ነው። ጣት የሄደበት፣ ጥርስ የረገፈበት ሰው አይቻለሁ። ስናገር ጎንበስ በሉ።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ ግን ስፌቱ ላይ ነበር።

ነፋሱ ሸራውን ሲሞላው አባቴ ያሳየውን ፊት ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። አፉን ትንሽ ከፍቶ ወደ ላይ አንጋጠጠ። እኔ ግን ፈርቼ ነበር። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ታች ማየት አቃተኝ። መርከበኛው አዩኝ። አንድ ትከሻቸውን ያማቸው ስለነበር በአንድ እጃቸው መሪውን፣ በሌላው ደግሞ እንጨቱን የሚቆጣጠረውን ገመድ መያዝ ይከብዳቸው ነበር።

"ነይ፣ ይህችን ያዢልኝ" ብለው ገመዱን ሰጡኝ። "ሥራ የያዘ ሰው አይፈራም።"

እውነታቸውን ነበር። ገመዱን ከያዝኩ በኋላ ፍርሃቴ ቀለል አለኝ። ሳቢ ሲሉኝ እየሳብኩ፣ ልቀቂ ሲሉኝ እያላላሁ ወደ ሐይቁ መሃል ደረስን። ከዚያ ነፋሱ ከገደሉ አናት ላይ ወርዶ ከኋላችን መጣ።

"አሁን ልዞር ነው" አሉ መርከበኛው። "ገመዱን እስከ መጨረሻው ሳቢና አጥብቀሽ ያዢ። እንዳትለቂ። ጎንበስ በሉ።"

ሳብኩ። እንጨቱ ቀስ እያለ ወደ መሃል መጣ። ከመሃል እንዳለፈ ነፋሱ ሸራውን ከዚያኛው ወገን በአንዴ መታው፤ ገመዱ በመዳፌ ውስጥ መሮጥ ጀመረ። እሳት ነበር። ሁለቱንም እጄን ከፈትኩ። እንደ ሰከንድ ያለች ጊዜ ናት፤ ግን አሁንም ሳስባት ረጅም ነች፤ ምክንያቱም ስከፍት እንደምከፍት አውቄ ነበር። አባቴ ሸራው ሲገለበጥ ስፌቱ እንዴት እንደሚሆን ሊያይ ቀና ብሎ ነበር። እንጨቱ ከቀኝ ጆሮው በላይ መታው። ድምፁ ደረቅና አጭር ነበር።

አልወደቀም። ጎንበስ አለና ተመልሶ ቀና አለ። ነጭ ቆቡ ውኃው ላይ ተንሳፎ ሲሄድ እያየ፣ "ቆቤ" አለ።

መርከበኛው ወዲያው ሸራውን አወረዱት፤ ሸራው እላያችን ላይ ተከመረ። እኔ በሸራው ሥር ወደ አባቴ ዳኽኩ። ሻርፔን አውልቄ ቁስሉ ላይ ከመጫኔ በፊት አጥንቱን በጣቴ ጫፍ ዳሰስኩት፤ የተሰረጎደ ነገር አልነበረም። ደሙ ብዙ ባይሆንም አልቆም አለ። ኪኒኑ ትዝ አለኝ።

"ራሱን ስቶ ነበር?" አሉ መርከበኛው እየቀዘፉ።

"አልሳተም።"

"ያስታውከዋል?"

"አላስታወከውም። ግን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል።"

መቅዘፋቸውን ለአፍታ አቆሙና አዩኝ። ከዚያ እንደ ወጣት መቅዘፍ ጀመሩ።

ቢሾፍቱ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቁስሉን አራት ቦታ ሰፉለት። ኪኒኑን ስነግራቸው ሲቲ ስካን ወዳለበት አዲስ አበባ በፍጥነት እንድንሄድ መከሩን። መርከበኛው በአሮጌ መኪናቸው በፈጣኑ መንገድ ወሰዱን። እኔ ከኋላ ወንበር አባቴን አቅፌ በየአምስት ደቂቃው እጠይቀዋለሁ።

"አባዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

"እሑድ።"

"እኔ ማን ነኝ?"

"ልጄ ነሽ።"

ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ስጠይቀው፣ "እሑድ ነው፣ ልጄ ነሽ፣ መኪናውን የሚነዱት መርከበኛው ናቸው። አሁን ዝም በይና ልረፍበት" አለኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያየችን ሐኪም ወጣት ነበረች። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አሳየችኝ። "ለጊዜው ንጹሕ ነው" አለች። ለአንድ ቀን አስተኝታ ተከታተለችው፤ ኪኒኑን ለሳምንት አስቆመችውና ስንወጣ ለብቻዬ ጠራችኝ። "በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ መድኃኒት፣ ደሙ ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። ሳምንታት ቆይቶ ማለቴ ነው። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ፣ መርሳት፣ የአንድ ወገን መድከም ካየሽ አትጠብቂ።"

"ስንት ሳምንት ልከታተለው?"

"ስድስት። ስምንትም ሊሆን ይችላል።"

እኔም ይህንን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ከሌላ ሰው አፍ መስማት ግን ሌላ ነው።

መዳፎቼ ከዳር እስከ ዳር ተልጠው ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም አባቴን ሲያይ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅሁ። በኋላ ብቻዬን መታጠቢያ ቤት ገብቼ አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኳቸው። ጤና ጣቢያ ስገባ ለባልደረቦቼ ትኩስ ድስት በእጄ አንስቼ ነው አልኩ። ለአባቴም እንደዚያው አልኩት፤ እሱ ጀልባው ላይ ገመድ ይዤ እንደነበር ያየ ሰው ነው፤ እኔ ግን ያንን አላሰብኩም። ወይም ማሰብ አልፈለግሁም።

መርከበኛው በየእሑዱ ይመጡ ጀመር። ብርቱካን ወይም አሳ ይዘው ይመጡና ኮንቴይነሩ ውስጥ በርጩማው ላይ ተቀምጠው አባቴን ያዩታል። መጀመሪያ በመጡ ቀን እኔም እያለሁ እንዲህ አሉት፤

"ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቶሎ አዞርኳት። ነፋሱ ሲወርድ መጠበቅ ነበረብኝ። ስንት ዘመን ውኃ ላይ ኖሬ የጀማሪ ስህተት ሠራሁ።"

አባቴ ወደ እኔ ቀና ብሎ አየ። የሚቀጥለውን ቃል ከእኔ የጠበቀ ይመስል ነበር። እኔ አሳውን ተቀብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

እንዲህ ሆኖ ሳምንታት አለፉ። አባቴ ሻይ ሲጠጣ እጁን አያለሁ፤ ሲራመድ እግሩን አያለሁ፤ ከሰዓት ሲያሸልበው አጠገቡ ቆሜ ትንፋሹን እቆጥራለሁ። በሥራ ቦታ ስልኬ በጠራ ቁጥር የያዝኩት መቆንጠጫ ይወድቅብኛል። አንዳንዴ ሰበብ ፈጥሬ በምሳ ሰዓት በባጃጅ ወደ በሰቃ እመለሳለሁ። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ የስፌት መኪናው ሲንደቀደቅ ከሰማሁ ሳልሻገር እመለሳለሁ። አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ መዳፌ ዳነ፤ እኔም ትንሽ መተንፈስ ጀመርኩ።

ከዚያ ረመዳን ገባ። በመድኃኒቱ ምክንያት እንዳይጾም ለመንኩት፤ አልሰማኝም። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ራሴን ያመኛል ማለት ጀመረ። "ጾሙ ነው" አለ። ጎረቤቶቹም "ጾሙ ነው፣ ቡናው ቀርቶበት ነው" አሉ። ከሰዓት እንቅልፍ አበዛ። እኔም፣ ሐኪሟ አትጠብቂ ያለችኝ እኔ፣ ጾሙ ነው አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ። እነዚያን ሦስት ቀናት ከገመዱ ለይቼ አላያቸውም። ሌላ ሰው አባቱን ይዞ ቁስል ክፍሌ ቢመጣና እንዲህ እንዲህ ይሆናል ቢለኝ፣ ሳልቀመጥ ነበር ወደ ሆስፒታል የምልከው። ግን ፎቶው አንዴ ንጹሕ ነው ተብሏል። ንጹሕ የሚለውን ቃል የሙጥኝ ብዬ ያዝኩት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ሹፌር ኮንቴይነሩ በር ላይ ሸራ ተሸክሞ ቆሞ አገኘሁት። ተቸግሮ ነበር፤ አባቴን ያከብረዋል። "እህቴ፣ ለአባባ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጨንቆኛል። ስፌቱ ሄዷል" አለኝ። ሸራውን ገልጦ አሳየኝ። ቀጥ ብሎ የጀመረው ስፌት ወደ መሃል ሲደርስ ወደ ግራ እየተንሸራተተ ሄዶ ከጨርቁ ዳር ወጥቶ ባዶውን ተሰፍቷል። አባቴ በቀኝ እጁ የስፌት መኪናውን ያሽከረክራል፤ ጨርቁን የሚመራው በግራ እጁ ነው።

ገባሁ። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ የለውም፤ ጫማው በሩ ላይ ቀርቷል፤ እሱ ግን አላወቀም።

"አባዬ፣ ምን ሆንክ?"

"ፊሽካው ተነፋ እንዴ?" አለኝ።

የፋብሪካው ፊሽካ ከተነፋ ስንት ዓመቱ ነው። ሹፌሩ ወደ እኔ አየ። እኔ ከአባቴ ፊት በጉልበቴ ተቀመጥኩ።

"ሁለቱንም እጅህን ወደ ፊት ዘርጋልኝ። መዳፍህን ወደ ላይ አድርግ።"

"ዱዓ ልናደርግ ነው?"

"አዎ። ዓይንህን ጨፍን።"

ጨፈነ። ቀኝ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ግራው እኔ እያየሁት ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ዞረና መውረድ ጀመረ፤ ጉልበቱ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ወረደ። አባቴ ግን ሁለቱም የተዘረጉ መስሎት ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ሹፌሩ "ያ አላህ" አለ ቀስ ብሎ። ከባድ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁሞት ነበር፤ ሸራውን እዚያው ጥሎ አባቴን አቅፎ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠልኝ። በከባድ መኪና ነው ሳሪስ አቦን አልፈን ወደ ሆስፒታል የገባነው። መንገዱ ተዘግቶ በቆምን ቁጥር አባቴ "የማን ሸራ ነው የጫነው?" እያለ ሹፌሩን ይጠይቀዋል። ሹፌሩም በየጊዜው እንደ አዲስ ይመልስለታል።

ያቺው ሐኪም ነበረች ተረኛ። ሁለተኛው ፎቶ ላይ በቀኝ በኩል፣ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል፣ እንደ አዲስ ጨረቃ የመሰለ ጥላ ይታያል። አንጎሉን ወደ አንድ ወገን ገፍቶታል። አልወቀሰችኝም። "ስንት ቀን ሆነው?" ብቻ ነው ያለችኝ።

"ሦስት" አልኩ።

ጻፈችው።

ወዲያው ሊከፍቱት አልቻሉም። ኪኒኑ ደሙን ስላቀጠነው፣ የሚያጠነክር መድኃኒት ሰጥተው እስኪመለስ መጠበቅ ነበረባቸው። ለማግስቱ ጠዋት ተቀጠረ። ወረቀት አምጥተው ስምምነት እንድፈርም ሰጡኝ። በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ምስክር ሆኜ ስንት ጊዜ ፈርሜያለሁ። ሊሞት ይችላል የሚለውን መስመር ከዚያ በፊት አንብቤው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ።

ጠዋት አባቴን ይዘውት ሲገቡ መርከበኛው ደረሱ። ሹፌሩ ነው በስልክ የነገራቸው፤ ለካ ወደ አባቴ የመራቸው እሱ ኖሯል። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያዩ መናገር ጀመሩ።

"ያንን መዞር በየቀኑ ደግሜ አዞረዋለሁ" አሉ። "አንዳንዴ ቀስ ብዬ አዞራለሁ። አንዳንዴ ከነጭራሹ አላዞርም። ጀልባዋን ከውኃ አውጥቻታለሁ። ከእንግዲህ ሰው አላሳፍርባትም።"

ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

"እርስዎ አይደሉም" አልኩ። "ገመዱን ለቅቄዋለሁ። እንዳትለቂ ብለውኝ ለቀቅኩት። እጄን ሲያቃጥለኝ ለቀቅኩት።"

አላዩኝም። ትንሽ ቆይተው ተነሡና እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዱ። የሚመለሱ አልመሰለኝም። ሲመለሱ ሁለት ውኃ ይዘው ነበር፤ አንዱን ሰጡኝ።

"በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ" አሉ፣ "ይህን ሁሉ ሳምንት እተኛ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ገመድ ይዞ ለማያውቅ ሰው ገመድ የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። እሱን ከኔ ላይ አትወስጂውም።"

ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገሩም። ተናደውብኝ ይሁን አዝነው አላወቅሁም። ግን አልሄዱም።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሲወጣ ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ ነበር። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ከፍተው ደሙን አፍስሰዋል። "የቆየ የሞተር ዘይት ነበር የሚመስለው" አለ። "አንጎሉ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ቀሪውን የሚያወጣ ቱቦ ሁለት ቀን ይቆይለታል።" አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መርከበኛው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፤ ወዲያው ደግሞ አነሡት።

አባቴ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቅሁት ግራ እጁን እንዲያነሣልኝ ነው። አነሣው። እንደ ቀኙ አይደለም፤ ግን አነሣው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከአውራ ጣቱ ጋር እንዲያገናኝ አደረግሁት። ትንሿ ጣት ላይ ሲደርስ ዘገየ።

ቱቦው በወጣ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ነበርን። ራሱ ተላጭቷል፤ ፋሻ ተጠምጥሞበታል፤ አነስ ያለ ሰው መስሏል። የመስኮቱን ብርሃን መጋረጃ ጎትቼ ከለልኩለትና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ገመዱን የለቀቅሁት እኔ ነኝ።"

"የቱን ገመድ?"

"ጀልባው ላይ የነበረውን።"

ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። እንደገና ተምታቶበት እንደሆነ ብዬ ደነገጥኩ።

"አውቃለሁ" አለ። "ድስት አቃጠለኝ ብለሽ እጅሽን ጠቅልለሽ ስትመጪ፣ ሸራ ስሰፋ የኖርኩ ሰው የገመድ ቃጠሎ የማላውቅ መሰለሽ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ መናገር ያለብሽን እኔ ልናገርልሽ?"

የአልጋ ልብሱን ጫፍ ማስተካከል ጀመርኩ።

"ያን ሰውዬ ግን በየእሑዱ ይቅርታ ስታስጠይቂያቸው ማየት አልወደድኩልሽም" አለ። "ያሳፈረኝ ያ ነው። ገመዱ አይደለም። ገመድ ያቃጥላል። እኔም ጎንበስ በል ተብዬ አልጎነበስኩም፤ ስፌቴን ሳይ ነበር።"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"አንተ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሆነህ።"

"ዘገየሽ" አለ። ከዚያ ውኃ ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት። በግራ እጁ ሊይዝ ሞክሮ ብርጭቆው ሲያጋድል ወደ ቀኙ አዛወረው፤ ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን።

ዒድን ያሳለፍነው ሆስፒታል ውስጥ ነው። መርከበኛው ከቀዶ ጥገናው ቀን በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል አልደወሉም፤ እኔም ለመደወል አፈርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ቤት መጥተው አባቴ አጠገብ ተቀመጡ፤ ስለ ነፋስና ስለ ጨርቅ ሲያወሩ አመሹ። ለእኔ ሰላምታ ሰጡኝ፤ እንደ ድሮው ግን "ልጄ" አላሉኝም። አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ጀልባዋ እስካሁን ከውኃ ውጭ ናት፤ አባቴ ፀሐይ ሸራውን ይበላዋል እያለ ይጨነቃል።

አባቴ ወደ ኮንቴይነሩ ተመልሷል፤ ቀጥ ያለ ረጅም ስፌት ግን አሁን አንዲት ጎረቤታችንን ያሰፋል። እሱ ይቆርጣል፣ ይለካል፣ ይቆጣል። ግራ እጁ ወደ ከሰዓት ሲሆን ይደክማል። ሐኪሟ የመጨረሻውን ፎቶ አይታ ኪኒኑን ቀይራለታለች፤ አዲስ ነገር ካላየን በስተቀር መምጣት እንደማያስፈልገንም ነግራናለች። እኔ ሥራ ቦታ አንድ ልማድ አወጣሁ፤ ራሱን ተመቶ የሚመጣ አዛውንት ካለ ቁስሉን አሽጌ ስጨርስ አብሮት የመጣውን ሰው ለብቻው ጠርቼ ሳምንታቱን እቆጥርለታለሁ፤ የጾም ወቅት ከሆነም ጾሙ ነው እንዳትሉ እላለሁ። አንዳንዶቹ ታበዢዋለሽ ይሉኛል።

ባለፈው ዓርብ አባቴ ወደ መስጊድ ብቻዬን እሄዳለሁ አለ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የማደርሰው። "በባጃጅ ነው የምሄደው፤ ባጃጅ ደግሞ ሸራው ላዩ ላይ ነው፤ አይመታኝም" አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ሲሄድ አየሁት። እግሩን ይጎትት እንደሆነ ልብ ብዬ ተመለከትኩ። የሚጎትት መሰለኝ፤ ደግሞ የማይጎትት መሰለኝ። ባጃጁ ከታጠፈ በኋላም እዚያው ቆሜ ቆየሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ የጎረቤት ሴትዮ "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ ነው ጊዜው የገባኝ፤ ለከሰዓት ሥራ ዘግይቼ ገባሁ።